ዋና የማይችል ሰው በማንግሮቭ ደን ውስጥ ካያክ ሊቀዝፍ ይችላልን?

ጠያቂ፦ የባዮሎጂ መምህርት፣ ሐዋሳ

ጤና ይስጥልኝ። በሐዋሳ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በባሕር ዳር ጨዋማ ውኃ ውስጥ ስለሚበቅለው የማንግሮቭ ደን ለተማሪዎቼ መናገር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ ደኑን ግን አንድም ቀን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። በየዓመቱ ከውኃ በላይ ቀስት ሠርቶ የቆመውን ሥር ሰሌዳ ላይ ስስል «ቲቸር፣ እርስዎ አይተውታል?» የሚል ልጅ አይጠፋም፤ መልሴም ሁልጊዜ አንድ ነው። ዘንድሮ በጥር ወር፣ በግማሽ ዓመቱ እረፍት፣ ከባለቤቴ ጋር ወደ ኬንያ የባሕር ዳርቻ ለመሄድ ገንዘብ ማጠራቀም ጀምረናል። ያሰብነው ከማሊንዲ በስተደቡብ፣ ዋታሙ አጠገብ ወደምትገኘው ሚዳ ክሪክ ወደተባለችው ወሽመጥ ሄደን፣ ከአስጎብኚ ጋር በካያክ፣ ማለትም በመቅዘፊያ በሚሄድ ጠባብ ቀላል ጀልባ፣ ደኑ ውስጥ ለመግባት ነው።

የሚያሳስበኝ ባለቤቴ ነው። ተወልዶ ያደገው በደጋ አገር ስለሆነ ዋና አያውቅም፤ እኔም ብሆን ከገንዳ ውጭ ዋኝቼ አላውቅም። ባለፈው ወር አንድ ወዳጃችን የሚነፋ ባለ ሁለት ሰው ካያክ አውሶን፣ ከፍቅር ሐይቅ ብዙም ሳንርቅ በማለዳ አርባ ደቂቃ ያህል ሞከርን። ውኃው እንደ መስታወት ጸጥ ያለ ነበር፤ እኛ ግን እንደ እንዝርት እዚያው ስንሽከረከር ቆየን። እኔ በቀኝ ስቀዝፍ እርሱም በቀኝ ይቀዝፋል፤ «በግራ!» ስለው ሁለታችንም ወደ ግራ እንዞራለን። መቅዘፊያውን ባነሣን ቁጥር ውኃው በእጄታው ላይ እየወረደ እጅጌያችን ውስጥ ገባ። ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን ከወረድን በኋላ ያየሁት የባለቤቴ መዳፍ ነው፤ መቅዘፊያውን ከፍርሃት የተነሣ ጨምድዶ ይዞት ስለቆየ የአውራ ጣቱ ሥር ውኃ ቋጥሮ ነበር።

ስለዚህ በሙሉ ልቤ የምጠይቀው፣ እንዲህ ያለ ጀማሪ፣ ያውም ዋና የማይችል ሰው፣ በባሕር ላይ ካያክ ይዞ መግባቱ ማስተዋል የጎደለው ነገር ይሆን ወይ ነው። በሐይቃችን ላይ የምናደርገው ልምምድስ ለዚያ ይጠቅመናል? አስጎብኚ ስንመርጥ ምኑን ዓይተን እንመን? የሄደ ወይም የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳን ውለታው ትልቅ ነው።


መልስ፦ የሐይቁ ልጅ፣ ሐዋሳ

እኅቴ፣ እኔ ባሕር አላውቅም፤ የማውቀው ሐይቃችንን ነው። አሞራ ገደል አካባቢ ተወልጄ አድጌ፣ ላለፉት አሥራ አራት ዓመታት ጀልባ በመቅዘፍና በሞተር በመንዳት ኖሬአለሁ። ስለዚህ የምናገረው ስለ ልምምዱ ብቻ ነው።

የተሽከረከራችሁት ሁለታችሁም መሪ ለመሆን ስለሞከራችሁ ነው። በባለ ሁለት ሰው ጀልባ ከፊት የተቀመጠው ምቱን ይሰጣል፤ ከኋላ ያለው ያንን ምት እየተከተለ አቅጣጫ ያስተካክላል። ባለቤትዎ ከፊት ይቀመጡ፤ ስለ አቅጣጫ ምንም ሳያስቡ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ እያሉ በዝግታ ይቅዘፉ። እርስዎ ከኋላ ሆነው መቅዘፊያዎ ከእርሳቸው መቅዘፊያ ጋር በአንድ ጎን እንዲወርድ ያድርጉ፤ ጀልባዋ ወደ ግራ ስትሄድብዎ በቀኝ በኩል ብቻ መቅዘፊያውን ወደ ኋላ ይዘው ለአንድ አፍታ ያቆዩት። ጀልባዋ በቀኝ ከቀዘፉት ወደ ግራ፣ በግራ ከቀዘፉት ወደ ቀኝ እንደምትዞር እጅዎ ሳይነገረው እስኪያውቅ ድረስ ይደጋግሙት። እጄታው ደግሞ በጣት ተይዞ እንጂ በጡጫ አይጨበጥም። ጉልበቱ መምጣት ያለበት ከወገብ መዞር ነው፤ በክንድ ብቻ የሚቀዝፍ ሰው ሃያ ደቂቃ ሳይሞላው ይደክማል።

ዋና ስለማይችል ሰው ግን ከቅዘፋው የሚቀድም ነገር አለ። ባለቤትዎ ላይፍ ጃኬት ለብሰው ውኃ ላይ መንሳፈፍ ምን እንደሚመስል ሰውነታቸው ሊያውቀው ይገባል። ይህን በሆቴል መዋኛ ገንዳ ውስጥ ቢያደርጉት ይሻላል፤ የሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዚያ ስላለበት እዚያ ቆሞ መቆየት አይመከርም። ጃኬቱ ማሰሪያው ሁሉ ጠብቆ፣ ሌላ ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ሲስበው አገጭን አልፎ የማይወጣ መሆን አለበት። ከዚያ በጀርባ ተንጋሎ፣ እግርን አንሥቶ፣ በእርጋታ እየተነፈሱ አምስት ደቂቃ መቆየት ነው። ይህን ያደረገ ሰው ጀልባ ቢገለበጥበት እንኳ የመጀመሪያው ድንጋጤ አያጠፋውም።

በሐይቁ ላይ ስትለማመዱ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ስለሚነሣ ረፋዱ ላይ ጨርሱ። ግን ደግሞ ጎሕ ሳይቀድ አትግቡ፤ ጉማሬዎች ሌሊቱን ሣር ሲግጡ አድረው ወደ ውኃው የሚመለሱት በዚያ ሰዓት ነው። ወደ ጥቁር ውኃ አፍ በኩል፣ ፊላው ወደበዛበት ስፍራ፣ በሚነፋ ጀልባ ፈጽሞ አትሂዱ። በየቀኑ ዓሣ አጥማጆቹን «ዛሬ ጉማሬው የት ዋለ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ያውቁታል።


መልስ፦ ሞምባሳ የኖርኩ

ለስድስት ዓመታት በሞምባሳ ሠርቻለሁ፤ የጠቀሱትን ወሽመጥም አምስት ጊዜ ያህል በካያክና በታንኳ ገብቼበታለሁ። በቅድሚያ ለጥያቄዎ መልስ ልስጥ። አዎን፣ ዋና የማይችል ሰው ሊገባ ይችላል፤ በጃኬት፣ በደህና አስጎብኚና በትክክለኛው ሰዓት ከሆነ። ከሦስቱ አብዝቼ የምናገረው ስለ ሰዓቱ ነው፤ ምክንያቱም በሐዋሳ ላይ ሊለማመዱት የማይችሉት እርሱን ብቻ ነው። ሐይቃችን ከፍና ዝቅ የሚለው በወራትና በዓመታት ነው፤ ባሕሩ ግን በየስድስት ሰዓቱ ገደማ ከመሙላት ወደ መሸሽ፣ ከመሸሽም ወደ መሙላት ይዞራል። በሌላ ጊዜ ጀልባ የሚሄድበት ቦይ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሸርጣን የሚራወጥበት ጭቃ ሆኖ ያገኙታል።

ይህን የተማርኩት በከባድ መንገድ ነው። የመጀመሪያ ጉዞዬን ያዘጋጀልኝ ድርጅት የመነሻ ሰዓቱን የወሰነው ባሕሩን ዓይቶ ሳይሆን እንግዶቹ ቁርስ የሚጨርሱበትን ሰዓት ዓይቶ ነበር። ስንገባ ውኃው መሸሽ ጀምሯል፤ እኛ ግን ምንም አላወቅንም፤ እንዲያውም ቅዘፋው ለምን እንደከበደን እያሰብን ዛፎቹን ስናደንቅ ነበር። አንድ ጠባብ ቦይ ውስጥ ጥቂት ከሄድን በኋላ የካያኩ ሆድ መሬት ሲነካ ተሰማን። ወርደን ልንገፋ ስንሞክር እግራችን እስከ ጉልበታችን ድረስ ሰመጠ። አብራን የነበረች አንዲት ሴት ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ቀርቶ ባዶ እግሯን ስትራመድ ሥሩ ላይ የተለጠፈ ኦይስተር የሚባል ቅርፊተ ስለታም የባሕር እንስሳ ተረከዟን እንደ ምላጭ ቆረጠው። ከዚያ በኋላ ያለ ጥላ፣ ግማሽ ጠርሙስ ውኃ ለአራት ሰው ተካፍለን፣ ባሕሩ ተመልሶ እስኪያነሣን ድረስ አምስት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ማንም አልሞተም፤ ነገር ግን ያ ቁስል ለመዳን ሦስት ሳምንት ፈጅቷል።

በሁለተኛው ጉዞ የመራኝ በዓሣ አጥማጅነት የኖረ ሽማግሌ ነበር። ተዘጋጅተን ብንቀርብም ቶሎ አላስገባንም። ውኃው ዳር አንዲት ቀጭን እንጨት ጭቃው ላይ ተክሎ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። ውኃው እንጨቷን አልፎ አንድ ጣት ያህል ሲወጣ ተነሥቶ «አሁን» አለ። ከሙላቱ ጋር አብረን ስለገባን ውኃው ራሱ ወደ ውስጥ ወሰደን፤ ሙላቱ ሲያበቃ ደግሞ ለተወሰነ ጊዜ ሁሉም ነገር ጸጥ አለ፤ ከዚያ ሽሽቱ ሲጀምር ይዞን ወጣ። በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ በጉልበት የቀዘፍንበትን ጊዜ ብትቆጥሩት ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

ነገሩን በቁጥር ላስረዳ። በዚያ ዳርቻ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይገፋል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ስትወለድ በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ3 ሜትር ይበልጣል፤ ጨረቃ ግማሽ በሆነችበት ሰሞን ግን ከዚያ እኩሌታ በታች ይሆናል። ውኃው የሚሸሸውም በእኩል ፍጥነት አይደለም። ልዩነቱ 3 ሜትር ቢሆን በመጀመሪያው ሰዓት የሚወርደው 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሰዓት ግን አንድ ሜትር ተኩል ይወርዳል። ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው፤ በመጀመሪያው ሰዓት ጎደለ ብሎ የማያስበው ውኃ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከሥሩ ጠፍቶ ይገኛል።

ከዚህ በመነሣት ቀን መምረጥ ይችላሉ። በሙሉ ጨረቃና በሠርቀ ጨረቃ ሰሞን በዚያ ዳርቻ ከፍተኛው ሙላት ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ላይ ይውላል፤ ስለዚህ በ9 ሰዓት ገብቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ መውጣት ይቻላል፤ ሙቀቱም ይበርዳል። ትክክለኛውን ሰዓት ግን ከሞምባሳ ወይም ከማሊንዲ የሙላት ሰንጠረዥ ላይ ለዚያው ቀን ማየት ግዴታ ነው። እዚህ ላይ ለእኛ ሰዎች የሚሆን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ስዋሂሊ ተናጋሪው ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ «ሳ ታቱ» ካለ የእኛው ጠዋት 3 ሰዓት ማለቱ ነው። ያው ሰው በእንግሊዝኛ ሲናገር ግን «ናይን» ይላል፤ ሰንጠረዡም የሚጻፈው በዚያው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ቀጠሮ ስትይዙ በየትኛው እንደተነጋገራችሁ ሁለት ጊዜ አረጋግጡ።

አስጎብኚውን ለመፈተን አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ነገ ውኃው የሚዞረው ስንት ሰዓት ነው?» ሳያመነታ ከመለሰና የጉዞውን ሰዓት ከዚያ አንጻር ካስቀመጠ ይዘውት ይሂዱ። «እናንተ በተመቻችሁ ሰዓት» የሚል ሰው ግን፣ ጀልባዎቹ ምንም ያህል አዲስ ቢሆኑ፣ ገንዘብዎን አይክፈሉት። ከዚያ ቀጥሎ ጃኬቶቹን አሳየኝ ይበሉ፤ ዘለበታቸው ያልተሰበረ መሆኑን በእጅዎ ይፈትሹ። የወሽመጡ አፍ ውቅያኖሱን የሚገናኝበት ጠባብ ስፍራ ላይ ፈሳሹ ብርቱ ስለሆነ ለጀማሪ አይሆንም፤ ወደ ውስጠኛው ክፍል ብቻ እንደምትሄዱም አስቀድማችሁ ተስማሙ። ለእግራችሁ የሚታሰር፣ ሶሉ የጠነከረ ጫማ አድርጉ፤ ነጠላ ጫማ ጭቃው ይበላዋል።

መንገዱ በሞያሌ በኩል ረጅም ቢሆንም የሚቻል ነው፤ ከናይሮቢ እስከ ሞምባሳ ያለው ባቡር ደግሞ ምቹ ነው። ጥርን መምረጣችሁም ጥሩ ነው፤ ወራቱ ደረቅ ነው፤ ትልቁ ዝናብ የሚመጣው በሚያዝያና በግንቦት ነው።


ጠያቂዋ፦

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። መልሶቻችሁን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ የአምስት ሰዓቱን ታሪክ ሰምቶ ይፈራል ብዬ ነበር፤ እርሱ ግን «ሰዓቱ ከታወቀማ ምን ያስፈራል?» አለ። ሐሳብ ቀይሮ ቢያስቸግር እንኳ፣ ጀልባ ላይ ሳይወጣ ደኑን የሚያይበት መንገድ ይኖር ይሆን? ደግሞም ለተማሪዎቼ ምን ልመልከት፣ ምንስ ይዤላቸው ልምጣ? ችግኝ ማምጣት ይቻል ይሆን ብዬም አስቤ ነበር።


መልስ፦ የዓሣ ሀብት ባለሙያ

መምህርት፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ችግኙን እባክዎ አያምጡ። ሕያው ተክል ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር ክልክል ነው፤ ስፍራውም የተጠበቀ ክልል ነው። በዚያ ላይ ደኑ በየዕለቱ በባሕር ውኃ የሚታጠብበትን ኑሮ ሐዋሳ ላይ ልንሰጠው አንችልም። ፎቶግራፍና በእጅዎ የሳሉትን ሥዕል ያምጡላቸው፤ ዘጠኝ ዓመት ሰሌዳ ላይ የሳሉ ሰው ከፊቱ ቆመው ሲስሉት የተለየ ነገር ያያሉ።

በኬንያ ዳርቻ ዘጠኝ የማንግሮቭ ዝርያዎች አሉ። ከካያክ ላይ ሆነው ሁለቱን ብቻ በደንብ ለይተው ካወቁ ለክፍልዎ ይበቃል ብዬ አምናለሁ። አንደኛው ራይዞፎራ ሲሆን፣ እርስዎ የሚስሉት ቀስታማ ሥር ያለው እርሱ ነው። ዘሩ መሬት ሳይነካ ገና እናቱ ላይ እንዳለ ይበቅላል፤ ከቅርንጫፉ እንደ አረንጓዴ ዱላ ተንጠልጥሎ ያዩታል፤ ርዝመቱም ከግማሽ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ሲወድቅ ጭቃው ላይ ይተከላል፣ ካልሆነም ተንሳፍፎ ሌላ ዳርቻ ይፈልጋል። ሌላው አቪሴኒያ ነው። ይህ ቀስት የለውም፤ ከግንዱ ዙሪያ በመቶዎች የሚቆጠሩ እርሳስ የሚያህሉ ሥሮች ከጭቃው ወደ ላይ ቀጥ ብለው ይወጣሉ። ጭቃው ኦክስጅን ስለሌለው ዛፉ የሚተነፍሰው በእነርሱ ነው። ውኃው ሲሸሽ እንደ በሰበሰ እንቁላል የሚሸት ሽታ ቢመጣብዎ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ኦክስጅን በሌለበት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የሚያወጡት የሰልፈር ጋዝ ነው እንጂ ቆሻሻ ተጥሎበት አይደለም።

ለተማሪዎችዎ የሚነግሩትን አንድ ነገር በምላስዎ ያረጋግጡ። በአንድ ሊትር የባሕር ውኃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ፤ ራይዞፎራ አብዛኛውን ከሥሩ ላይ ሲያግደው፣ አቪሴኒያ ግን ካስገባው በኋላ በቅጠሉ በኩል ያስወጣዋል። ዝናብ ካልዘነበ ቅጠሉ ላይ ነጫጭ ቅንጣት ያያሉ፤ ሳይቆርጡት በጣትዎ ጠርገው ይቅመሱት። ተማሪ «ጨው ያወጣል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ይረሳል፤ «ቀመስኩት» ያለችውን መምህርቱን ግን አይረሳም።

ስለ ባለቤትዎ አይጨነቁ። በሚዳ ደን ውስጥ ለውስጥ የሚያልፍ፣ በገመድ የተንጠለጠለ የእንጨት መረማመጃ አለ፤ ዳርቻው ላይ እስከሚደረስበት የወፎች መመልከቻ ድረስ በእግር መሄድ ይቻላል። ጥር ደግሞ ከሰሜን የሚመጡ ስደተኛ ወፎች ያሉበት ወቅት ነው። ጊዜና ገንዘብ ከተረፋችሁ ከሞምባሳ በስተደቡብ ወዳለችው ወደ ጋዚ መንደር ዝለቁ። የአካባቢው ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ 117 ሄክታር የማንግሮቭ ደን እየጠበቁ፣ ደኑ የሚያምቀውን ካርቦን በመሸጥ ለውኃና ለትምህርት ቤት የሚሆን ገቢ የሚያገኙበት «ሚኮኮ ፓሞጃ» የተባለ ሥራ እዚያ አለ። የሐዋሳ ዙሪያ ረግረግ እየታረሰና እየጠበበ ሲሄድ ለምናይ ለእኛ፣ ደኑን የሚጠብቁትን ሰዎች ማነጋገር ዛፉን ከማየት ያላነሰ ጥቅም አለው ብዬ አስባለሁ።


መልስ፦ ዋና የማልችል፣ አዳማ

ይህን የምጽፈው ለባለቤትዎ ነው። እኔም ዋና አልችልም፤ የዛሬ ሁለት ዓመት ሚዳ ላይ ገብቼ ወጥቻለሁ። ወንድሜ፣ እግር ወደ ውስጥ የሚገባበትን ካያክ እንዳይሰጡዎ፤ ላዩ ክፍት የሆነውን፣ ሰው ከላይ የሚቀመጥበትን ይጠይቁ። የገባው ውኃ በቀዳዳው ተመልሶ ይወጣል፤ ቢገለበጥም እግር አይዝም። የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ይከብዳሉ፤ እኔ ዓይኔን ከውኃው ላይ መንቀል አቅቶኝ ነበር። አስጎብኚው ይህን ዓይቶ ጀልባችንን ዳር ላይ ካለ ሥር ጋር አስጠጋና መቅዘፊያዬን ወደ ታች እንድሰድ ነገረኝ። ጫፉ ጭቃውን ሲነካ ግማሹ እንኳ አልረጠበም፤ ከወገቤ የማያልፍ ውኃ ላይ ነበር ያን ያህል የተጨነቅሁት። እርስዎም ገና ስትገቡ መቅዘፊያውን ወደ ታች ሰድደው ይለኩ፤ ከዚያ በኋላ ቀና ብለው ዛፎቹን ያያሉ።